ጋሽ መንፊያና ከግድግዳ ወዲያ የተሰማው የዋንጫ ዘመን

ዛሬ የምንሸኛቸው አባታችን፣ ሰፈሩም ክለቡም ከዋና ስማቸው ይልቅ ጋሽ መንፊያ እያለ የሚጠራቸው፣ ከጫማ ሰፊው አባታቸውና በልብስ አጠባ ቤት ያስተዳድሩ ከነበሩት እናታቸው ጥቅምት 9 ቀን 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱበት ቤት አንድ ክፍል ሲሆን ግማሹ የአባታቸው መሥሪያ፣ ግማሹ መኝታ ነበር። ለስድስት ልጆች አንድ አልጋ ብቻ ስለነበረና አልጋው ላይ የሚተኛውም የታመመ ልጅ ስለነበረ፣ እርሳቸው በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ይታመሙ እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ አጫውተውናል።

ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈራቸው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ዘጠነኛ ክፍል ተምረዋል። በሒሳብ ጎበዝ ነበሩ፤ የእጅ ጽሕፈታቸው ግን ለራሳቸውም አይነበብም ነበር። በ1962 ዓ.ም. አባታቸው በድንገት ሲያርፉ ደብተራቸውን አስቀምጠው ወስፌና ጉጠት አነሡ። ከእርሳቸው በታች የነበሩት ሁለት ታናናሾቻቸው ትምህርታቸውን የጨረሱት በዚያ ወስፌ ነው። ይህን እርሳቸው አንድም ቀን አንሥተውት ስለማያውቁ እኛ እናነሣዋለን።

በ1968 ዓ.ም. የቅርጫት ኳስ ክለቡ አሠልጣኝ ቆዳዋ የተገነጠለ ኳስ በብብታቸው ይዘው ወደ ጫማ መስፊያው መጡ። ጋሽ መንፊያ ኳሷን አገላብጠው አዩና ነገ እንዲመለሱ ነገሯቸው። በማግሥቱ ኳሷ እንደ አዲስ ትነጥር ነበር። በሳምንቱ ዐሥራ አንድ የተላጡ ኳሶች በከረጢት መጡ፤ በወሩ ደግሞ ክለቡ የዕቃ ቤት ኃላፊ አድርጎ ቀጠራቸው። ኃላፊ ይባሉ እንጂ በሥራቸው ከኳስ፣ ከፎጣና ከማልያ በቀር የሚታዘዝላቸው አልነበረም። ቅጽል ስማቸውም ከዚያ መጣ። ጠዋት ጠዋት ኳሶቹን ሁሉ በእጅ መንፊያ ይነፋሉ፤ የአየር መለኪያ ቢገዛላቸውም አላመኑትም። ኳሷን ከግንባራቸው ትይዩ ይለቋታል፤ ወገባቸው ድረስ ከነጠረች ደህና ናት፣ ካልነጠረች ትነፋለች። በኳስ ላይ የተቀመጠ ተጫዋች ካዩ፣ ሁለት ሜትር ከዐሥር ቢሆንም፣ እንደ ሕፃን ጆሮውን ይዘው ያስነሡት ነበር። ጆሮው ላይ ለመድረስ ግን እርሱ ተቀምጦ መገኘት ነበረበት፤ ቁመታቸው ለዚህ ጨዋታ የተሠራ አልነበረምና።

በ1970 ዓ.ም. ትዳር መሠረቱ። ባለቤታቸው ልብስ ሰፊ ሲሆኑ የክለቡን ማልያ ቁጥር የሚለጥፉት እርሳቸው ነበሩ። አንድ ጊዜ ስድስት ቁጥርን ገልብጠው ሰፍተው ሁለት ዘጠኝ ቁጥሮች ሜዳ ገቡና ዳኛው ጨዋታ አስቆመ። ጋሽ መንፊያ በማግሥቱ ሊወቅሷቸው ሄዱ፤ ከሦስት ወር በኋላ አገቧቸው። በትዳራቸውም ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ ወልደው አሳድገዋል፤ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ትንሿ ልጃቸው ናት።

እዚህ ላይ ስለ ክለቡ ትንሽ መናገር ግድ ይላል። ክለቡ እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ፣ በሠላሳ ዓመት ዕድሜው፣ አንድም ዋንጫ አላየም ነበር። ሁለተኛ መውጣት ሥራው ነበር። ጋሽ መንፊያ ሃያ አምስቱን ዓመት ከተቀያሪዎች ወንበር ጫፍ ላይ ፎጣ በትከሻቸው ጣል አድርገው ተቀምጠው፣ የሌላው ቡድን አምበል ዋንጫ ሲያነሣ አጨብጭበው ወደ ቤታቸው ተመልሰዋል። ከሰው የሚፈልጉት ነገር ጥቂት ነበር። ቡድናቸው ሲያሸንፍ ማየት ግን ይፈልጉ ነበር፤ በዓይናቸው፣ ከዚያች ወንበር ላይ ሆነው።

በነሐሴ 1993 ዓ.ም. የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ለወራት የበር መቃን ትከሻቸውን ሲመታቸው፣ ከጎናቸው የቆመ ሰው ሲሰወርባቸው ቆይተው ነበር። ሐኪሙ ግላኮማ መሆኑን ነገራቸው። «ከዳር ከዳር እየጠበበ ይመጣል። ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም። ዓመት ይቆይ ይሆናል፤ ከዚያ ካለፈ እግዜር ይመስገን ይበሉ» አላቸው። ይህን ለባለቤታቸው ብቻ ነገሩ። ለክለቡ አልተናገሩም፤ ዓይኑ የሚደክም የዕቃ ቤት ሰው ማን በሥራው ያቆየዋል? በልባቸው ግን አንድ ነገር ቆርጠው ነበር። የሚመጣውን የውድድር ዘመን አንድ ጨዋታ ሳያመልጣቸው ሊያዩ፤ ዋንጫው ቢመጣም ባይመጣም ዓይናቸውን በዚያ ላይ ሊጨርሱት።

የዚያ ዘመን የመጀመሪያ ጨዋታ ጥቅምት 17 ቀን 1994 ዓ.ም. በክለቡ አዳራሽ ተደረገ። ከእረፍት በፊት አንዲት ኳስ አየር ጎደላት ተባለና ጋሽ መንፊያ መንፊያቸውን ሊያመጡ ወደ ዕቃ ቤቱ ገቡ። ዕቃ ቤቱ ከሜዳው በአንድ ግድግዳ ብቻ የሚለይ፣ አራት እርምጃ በሦስት እርምጃ የሆነ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። የበሩ የውስጥ እጀታ ከወለቀ ሁለት ዓመት አልፎት ነበር፤ እንዲጠገንም ሁለት ጊዜ ደብዳቤ ጽፈዋል፤ ጽሕፈታቸው ተነቦ ይሁን አይሁን እንጃ። ያን ቀን በሩ ከኋላቸው ድርግም ብሎ ተዘጋ። ቢያንኳኩ፣ ቢጣሩ፣ የተመልካቹ ጩኸት ድምፃቸውን ዋጠው።

ቡድኑ ለእረፍት ሲወጣ በዐሥራ አራት ነጥብ ተበልጦ ነበር። ጨዋታው ሲያልቅ በአንድ ነጥብ አሸነፈ። የቡድኑ ወጌሻ ፎጣ ፍለጋ መጥቶ በሩን ሲከፍተው ጋሽ መንፊያ ላብ በላብ ሆነው የኳስ ከረጢት ተደግፈው ቆመዋል። «እንዴት ነው ያሸነፍነው?» ነበር የመጀመሪያ ቃላቸው። ወጌሻው ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ መልበሻ ክፍሉም ሁሉ ሳቀ።

ሁለተኛውን ጨዋታ በሌላ ከተማ፣ በወንበራቸው ጫፍ ተቀምጠው አዩ፤ ቡድኑ በሃያ ነጥብ ተሸነፈ። በሦስተኛው ጨዋታ አምበሉ መጣ። አምበሉ ዛሬ ፀጉራቸው ሸብቷል፤ ያኔ ግን የሃያ ስድስት ዓመት ወጣት ስለነበሩ በዚያ ዘመን አፍ «መጣ፣ አለ» እያልን ብንጽፍ ቅር አይላቸውም ብለን ነው። «ጋሼ፣ ይሳቁብኝ ግድ የለም። ዛሬ ደግሞ እዚያች ዕቃ ቤት ይግቡልኝ እስቲ» አለ። እርሳቸውም ስቀው ገቡ። ቡድኑ አሸነፈ። በአራተኛው ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ፤ ተሸነፈ። በአምስተኛው ዕቃ ቤት ገብተው በሩ ሳይቆለፍ ገርበብ ተደረገ፤ በአንዲት ነጥብ ተሸነፈ። ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። ወጌሻው ቁልፉን በክር አድርጎ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው። «ጥፋቱ የበሩ ነው፤ ካልተቆለፈ አይሠራም» ብሎ ፈረደ፤ አሠልጣኙም የተማሩ ሰው ሆነው ሳለ ፍርዱን ተቀበሉ።

እውነቱን ለመናገር ይህን ያሰበ ክፉ ሰው አልነበረም። ስፖርተኛ ሲባል እንዲህ ነው፤ አንዱ ግራ ጫማውን ካላስቀደመ አይጫወትም፣ ሌላው ጢሙን አይላጭም። የእኛ አባት ደግሞ የቡድኑ ያልተላጨ ጢም ሆኑ።

ከስድስተኛው ጨዋታ ጀምሮ ቡድኑ ማሸነፉን አላቋረጠም። በቤቱ ሲጫወት ዕቃ ቤት፤ ከቤት ውጭ ሲሆን የተገኘው ክፍል። በአንድ አዳራሽ መጥረጊያና ባልዲ የሚቀመጥበት ጉሮኖ ውስጥ፣ ተጣጥፈው፤ በሌላው የትኬት መሸጫ ውስጥ መጋረጃው ተጋርዶ። በአንድ ከተማ ምንም የሚቆለፍ ክፍል ጠፍቶ ከሾፌሩ ጋር አውቶቡስ ውስጥ ተቆለፈባቸው፤ ሾፌሩ እንቅልፋም ስለነበር ከሜዳው ድምፅ ይልቅ ሲያንኮራፋ ሰሙ። የዚያን ቀን ቡድኑ በሠላሳ ነጥብ ስላሸነፈ በሚቀጥለው ጨዋታ ሾፌሩም አብሮ ይቆለፍ ወይስ አይቆለፍ የሚል ስብሰባ ተደርጓል። ወሬው ወጥቶ አንድ ሌላ ቡድን የራሱን ዕቃ ጠባቂ ቢቆልፍ በዐሥራ ስምንት ነጥብ ተሸነፈ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች ይሏል ይኸው ነው።

ከተማው ይስቅ ነበር፤ ጋዜጣም ጻፈ። ቤታችን ውስጥ ግን ሳቅ አልነበረም። ጋሽ መንፊያ በየቀኑ ጠዋትና ማታ ጠብታቸውን ያደርጋሉ፤ በየሳምንቱም ሸሚዛቸውን ይለብሳሉ፣ ሊቆለፉ ይሄዳሉ። ዓይናቸው ገና እያየ የሚያየው መደርደሪያ ብቻ ሆነ። በላይኛው ረድፍ አዳዲስ ኳሶች፣ በመካከለኛው ፎጣ፣ በታችኛው የጉልበት ማሠሪያና የወጌሻው ቅባት። አንዲት አምፖል፣ እርሷም ኳስ ግድግዳውን በመታ ቁጥር የምትርገበገብ። ሙቀቱ የማስቲሽ ሽታ ያነሣ ነበር። መጀመሪያ ላይ ይቆማሉ፤ ኋላ ይቀመጣሉ፤ በመጨረሻ ጆሯቸውን ግድግዳው ላይ ለጥፈው መስማት ለመዱ። የጫማ ፉጨት፣ የኳስ ድብደባ፣ የቀለበት ጩኸት፣ ከዚያ ወይ እልልታ ወይ «ውይ!»። በጥር ወር ላይ ኳሷን የሚያንጥረው ማን እንደሆነ ከድምፁ ይለዩ ነበር፤ አምበሉ ሁለቴ ያነጥርና ይቆማል፣ ረጅሙ ተከላካይ እንደ ችኩል ሰው ያንኳኳል።

ባለቤታቸው ይህን መታገሥ አልቻሉም። ምሳ ላይ ትንሿ ልጃቸው እየሰማች እንዲህ አሏቸው፦ «አንተ ሰው፣ የቀረህን ዓይን መደርደሪያ ላይ ልትጨርሰው ነው? ንገራቸው እንጂ! አፍ የለህም?»

«ብነግራቸው ያወጡኛል» አሉ ጋሽ መንፊያ።

«ያውጡሃ!»

«ካወጡኝ በኋላ ቢሸነፉስ? ዐሥራ ሁለት ልጆች ዕድሜያቸውን ሙሉ በእኔ ሲያሳብቡ ሊኖሩ ነው። አሁን ደግሞ ደርሰናል። ትንሽ ነው የቀረው።»

በእርግጥ በዕድል አምነው እንደሆነ አናውቅም። ጠይቀናቸው «አላምንም፤ ግን ባልገባ ምን ይሉኛል?» ብለዋል። የይሉኝታ ቁልፍ ደግሞ በወጌሻ አንገት ላይ አይንጠለጠልም። ሚያዝያ ላይ መንገድ ሲሻገሩ የትንሿን ልጃቸውን ክንድ መያዝ ጀምረው ነበር፤ ዓለምን በቧንቧ ውስጥ እንደሚያይ ሰው እንደሚያዩ ያን ጊዜ ነገሯት። እርሷም ዐሥራ አምስት ዓመቷ ነበርና ክለቡን፣ ወጌሻውን፣ ከሁሉም በላይ አምበሉን ጠላች። ሄዳ ልትናገር ብትነሣ አስማሏት።

ሰኔ 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ሃያ ስድስተኛውና የመጨረሻው ጨዋታ ደረሰ። በእኩል ነጥብ ላይ ያሉት ሁለቱ ቡድኖች በክለቡ አዳራሽ ሊገናኙ ነው፤ ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። በዚያን ዕለት ጠዋት ባለቤታቸው አልማሉም ነበርና ነጠላ ጫማቸውን እንዳደረጉ ወደ ልምምድ ቦታ ሄደው አምበሉን ለብቻው አገኙት።

«ልጄ» አሉት፣ «የምትቆልፉበት ሰውዬ እየታወረ ነው። ይህን ዓመት ብቻ ነበር የቀረው። እርሱንም እናንተ በላችሁበት።»

አምበሉ የያዛት ኳስ ከእጁ ወደቀች። «እትዬ፣ እኔ አላወቅሁም» አላቸው።

ይሁን እንጂ ጨዋታው ሲጀመር ጋሽ መንፊያ እንደ ወትሮው ገቡ፤ ቁልፉም ዞረ። ይህን ያየችው ትንሿ ልጃቸው ከእናቷ ጋር ከላይኛው መቀመጫ ሆና ጥርሷን ነከሰች። ኋላ እንደሰማነው አምበሉ ለቡድኑ ተናግሮ ነበር፤ ግማሾቹ አሁኑኑ ይውጡ ሲሉ ግማሾቹ አንገታቸውን ደፍተው የጫማቸውን ክር አጠበቁ፤ አሠልጣኙም መጀመሪያ እንምራ፣ ከዚያ እናወጣቸዋለን ብለው አስታረቁ። በሦስተኛው ሩብ መጨረሻ ቡድኑ በዘጠኝ ነጥብ ይመራ ነበር። አምበሉ ለወጌሻው በእጁ ምልክት ሰጠ። ወጌሻው በሩን ከፍቶ ክንዳቸውን ይዞ አወጣቸው።

ተመልካቹ ታሪኩን በጋዜጣ ያውቀዋልና ሲያያቸው ብድግ ብሎ አጨበጨበ። ከብርሃኑ ብዛት እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው በወንበራቸው ጫፍ ተቀመጡ። ባለቤታቸው ከላይ ሆነው አለቀሱ። የመጨረሻው ሩብ ተጀመረ። በሦስት ደቂቃ ውስጥ ተጋጣሚው ያለምንም መልስ ዐሥራ አንድ ነጥብ አስቆጠረ። አምበሉ ቅጣት ምት ስቶ ሲመለስ ወደ ወንበሩ ጫፍ አየ፤ ሊያይ ባይፈልግም አየ። ሁሉም ተጫዋቾች አዩ።

ጋሽ መንፊያ ተነሡ። ማንም ሳይነካቸው ግድግዳውን በእጃቸው እየዳበሱ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱና በሩን ራሳቸው ሳቡት። ወጌሻው በሩ ላይ ቁልፉን ይዞ ሐውልት ሆኖ ቀረ። ከውስጥ «ቆልፍ እንጂ!» ብለው ሲጮኹበት ነው እጁ የታዘዘለት። ክለቡ በሁለት ነጥብ አሸንፎ በሠላሳ አንድ ዓመት ታሪኩ የመጀመሪያውን ዋንጫ አነሣ።

በሩ ሲከፈት አምበሉ ዋንጫውን ይዞ እግራቸው ሥር ተንበረከከ። ፎቶግራፉን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በክለቡ መግቢያ ላይ ተሰቅሏል። የክለቡ ፕሬዚዳንት «ለቡድኑ ሲል ብርሃኑን የሰጠ ሰው» ብለው ንግግር አደረጉ። ጋዜጣውም ይህንኑ ጻፈ። ጋሽ መንፊያ አንገታቸውን ደፍተው ነበር፤ ሰው ሁሉ ትሕትና ነው አለ።

በ1996 ዓ.ም. መጨረሻ ዓይናቸው ሙሉ በሙሉ ጠፋ። ክለቡ በጡረታ በክብር አሰናበታቸው። ከዚያ በኋላ የኖሩት ሃያ ዓመት ቀላል አልነበረም። ቤታችን ሁለት ክፍል ናት፤ ከአልጋቸው እስከ በሩ ዘጠኝ እርምጃ፣ ከበሩ እስከ ውኃው ቧንቧ ዐሥራ አራት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሳይይዛቸው መሄድ እየፈሩ መጡ። ባለቤታቸው በ2009 ዓ.ም. ካረፉ ወዲህ ደግሞ ፈጽሞ ተዉት። አንዳንድ ደግ ሰዎች ዕቃ ቤቱ ለዓይነ ስውርነታቸው አስቀድሞ ያዘጋጃቸው የፈጣሪ ጥበብ ነበር ይላሉ። ለደግነታቸው እናመሰግናለን፤ እኛ ግን እንዲህ አንልም። እነዚያን ስምንት ጠባብ ወራት ጨዋታ ቢያዩባቸው ኖሮ ፈጣሪ ቅር የሚለው አይመስለንም።

አምበሉ ዋንጫውን ባነሡ በዓመቱ ገና ጉልበት እያላቸው መጫወት አቆሙ። ምክንያቱን ለጠየቃቸው ሁሉ «ቀለበቱን ሳየው እርሳቸውን አስታውሳለሁ» ይሉ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ ከሀገር ካልወጡ በቀር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን እየመጡ የሳምንቱን ጨዋታ ለጋሽ መንፊያ ይተርኩ ነበር። በመጡ ቁጥር ሲወጡ ጉልበታቸውን ስመው «ይቅር ይበሉኝ» ይላሉ፤ አባታችንም «ተው እንጂ አንተ ልጅ» ብለው የአምበሉን ራስ ይዳብሳሉ። ትንሿ ልጃቸው በሩን ትከፍትላቸዋለች፣ ወንበር ትሰጣለች፣ ሰላም ሳትላቸው ወደ ጓዳ ትገባለች። ይህንንም መደበቅ አይገባም።

ጋሽ መንፊያ በዚህ ዓመት መጋቢት ወር ላይ በልብ ድካም ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሕክምናው ቢደረግላቸውም እየደከሙ ሄዱ። ሚያዝያ 17 ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትንሿ ልጃቸው ብቻዋን አጠገባቸው ሳለች፣ መስኮቱ ይከፈት አሉና ካስከፈቱ በኋላ እንዲህ አሏት፦

«ያን ቀን ኳሷን አላየኋትም።»

«የቱን ቀን አባዬ?»

«ያወጡኝ ቀን። ብርሃን ብቻ ነው ያየሁት። ሰው ሲንጫጫ እሰማለሁ፣ ኳሷ የት እንዳለች ግን ጠፋችኝ። ዓይኔን ወዲህ ስለው እርሷ ወዲያ አለፈች። ዕቃ ቤት ሆኜ እኮ እያንዳንዷን አውቃት ነበር! ዋንጫው በአፍንጫዬ ሥር እየተበላ ምንም የማላውቅ ሆንኩ። ጨነቀኝ። የተመለስኩት ለእነርሱ ብዬ አይደለም፤ ጨዋታውን ለመከታተል ነው። እየተሸነፉ መሆናቸውንም የነገረኝ ኋላ ግድግዳው ነው።»

ልጅቱ ወንበሯን ወደ አልጋው ሳበች። ሃያ ሁለት ዓመት ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቀቻቸው።

«ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ፣ ልጁ እግሬ ሥር ሲያለቅስ፣ ኧረ እንዲህ አይደለም ማለት እንዴት ይቻላል? ነገ እነግራቸዋለሁ አልኩ። ነገ ደግሞ ፎቶው ተሰቀለ። ቀን ቀንን ወልዶ ዓመት ሆነ። እናትሽም ሳታውቅ ሄደች፤ ኮርታብኝ ነበር የሄደችው። እርሱ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ምላሴ ጫፍ ላይ ይመጣል፤ ከነገርኩት ግን መምጣቱን ይተዋል ብዬ ፈራሁ። ከእርሱ ሌላ ማን ይመጣልኛል? እንዲህ አድርጌ እኔም ቆለፍኩበት።»

ዝም አይነቅዝም ይባላል። የአባታችን ዝምታ ግን ነቅዞ ነበር፤ እርሳቸውንም ውስጥ ውስጡን ሲበላቸው ኖሯል። ከዚያ ይህን ጽሑፍ አዘዟት። «ስትሸኙኝ ንገሩት። ለብቻው አይደለም፣ ሰው በተሰበሰበበት። እኔን ያመሰገኑኝ በአደባባይ ነው። ከመጀመሪያው ቀን በኋላ ያን በር አንድ ጊዜ እንኳ አንኳኩቼ አላውቅም፤ ይህንንም ጨምሪበት።»

ስለዚህ ታዘን ጽፈናል። ክቡር አምበል፣ እዚህ መካከላችን እንዳሉ እናውቃለን። አባታችን በዚያ የመጨረሻ ቀን ብርሃናቸውን ለእርስዎ አልሰጡም፤ እርስዎም አልወሰዱባቸውም። ከዚያ በፊት የነበሩት ወራት እውነት ናቸው፤ በታሰሩባቸው ጊዜ ዓይናቸው ገና ማየት ይችል ነበር፣ ይህንን ልንፍቀው አንችልም፤ ነገር ግን እኩሌታው ቁልፍ በእርሳቸው እጅ እንደነበር ራሳቸው መስክረዋል። ሃያ ሁለት ዓመት የተሸከሙት ዕዳ የእርስዎ አይደለም። አሁን ይቅርታ የሚጠይቁትም አባታችን ናቸው። ትንሿ ልጃቸውም ትጠይቃለች፤ ይህ ወረቀት ሲነበብ የሚያነበው ሌላ ሰው ነው፣ እርሷ በዚህ ሰዓት ከአጠገብዎ ቆማለች።

ጋሽ መንፊያ ግንቦት 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ረፋድ ላይ፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ሁለት ሴቶችና አንድ ወንድ ልጅ፣ አምስት የልጅ ልጆች፣ እንዲሁም በወስፌያቸው ያስተማሯቸው ሁለት ታናናሽ ወንድሞች በሕይወት አሏቸው። በሕመማቸው ጊዜ ለደከማችሁ ሐኪሞች፣ ጎረቤቶችና የክለቡ ቤተሰቦች ሁሉ ምስጋናችን የላቀ ነው።

ዳርቻ በሌለበት፣ ግድግዳም በሌለበት ሰፊ ቦታ ፈጣሪ ነፍሳቸውን ያሳርፍልን። ለእኛም የምንናገረውን ሳይመሽብን የምንናገርበት አንደበት ይስጠን። ቤታችን ቅዳሜ ክፍት ነው፤ ክቡር አምበል፣ የሳምንቱን ጨዋታ የሚሰማዎት ሰው አለ።